ሁለት ፎቶ፣ አንድ እጅ

ስትሮክ ሲመታኝ ቀኝ እጄን ወስዶ ምላሴን ተወልኝ። የባሌ እህት «ምነው በተገላቢጦሽ በሆነ!» ብላለች፤ እዚያው እኔ ፊት፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ። ልጄ ኤዶ ትላታለች፤ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። እኔም ከልጄ አፍ ቀምቼ ኤዶ ነው የምላት። ቤታችን ውስጥ ትልቋ እሷ ናት። እሷ ሳትቀምስ ሩዝ አይቀርብም፣ እሷ ሳትፈቅድ ሰው አይታመምም።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። አንድ የደገሀቡር ከብት ነጋዴ አግብቶ ጅግጅጋ አመጣኝ። እሱ ከብቱን ሲከተል እኔ ገበያው ጥግ የስፌት መኪናዬን ተክዬ ድሪያ የሚሉትን የሶማሌ ሴቶች ቀሚስ ስሰፋ ኖርኩ። ሙሽራ ያለበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኔን በር ነበር። ጉራ ነው ካላችሁ ጉራ ይሁን፤ ያ እጅ አሁን የለም፣ የሞተን ማሞገስ ደግሞ ነውር የለውም። ድሬ ያደገ ሰው አንቱ ማለት እንደማይሆንለትም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ሽማግሌውንም ዶክተሩንም አንተ ነው የምለው፣ እስካሁን በዚህ የተቀየመኝ የለም።

የኮሮና ጭምብል ገና ከሰው ፊት አልወረደም ነበር። ረፋዱ ላይ ከቶጎ ውጫሌ የገባ ቢጫ ጨርቅ ዘርግቼ ጠርዙን እየዘመዘምኩ ሳለ ጨርቁ ከእጄ ሸሸ። ልይዘው ስል እጄ ጭኔ ላይ ወድቆ ቀረ። ደንበኛዬ «ምነው አፍሽ ተጣመመ?» አለችኝ። የምመልስላት ነገር ነበረኝ፣ ግን ቃሉ ተንጋዶ ወጣ። ባጃጅ ጠርታ ሆስፒታል አደረሰችኝ፣ ልጄም ከመሥሪያ ቤቷ ሮጣ መጣች። ወዲያው ሲቲ ስካን ውስጥ አስገቡኝ። ቶሎ መድረሴ ዕድሌ ነው ተባለ። ያው ቶሎ መድረሴ ጉድ እንዳደረገኝ የገባን በኋላ ነው።

ወጣቱ ዶክተር ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ አየና «ደም አልፈሰሰም፤ ፎቶው ንጹህ ነው፤ መድኃኒት እንጀምራለን» አለ። ልጄ እጁን ይዛ «እጇ ይመለሳል ማለት ነው?» አለችው። ሌላ በሽተኛ እየጠሩት ነበር፤ «ኢንሻአላህ» ብሏት ሄደ። ጅግጅጋ ውስጥ ኢንሻአላህ አዎ ማለት ነው፣ አይሆንም ማለት ነው፣ ልቀቂኝ ልሂድ ማለትም ነው። ልጄ የወደደችውን ሰማች።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ ባሌ ለሰደቃ ፍየል አረደ። ፊልሙ በትልቁ ፖስታ ውስጥ ሆኖ ከእኔ በላይ ጎረቤት ዞረ፤ እኔ አልጋ ላይ፣ እሱ በየቤቱ። ኤዶ ለመጣ ሰው ሁሉ መስኮቱ ላይ ትለጥፈውና «እዩት፣ አንድ እንከን የለበትም» ትላለች። ሻሂ የምትሸጠዋ ጎረቤታችን ሳትቀር የአንጎል ፎቶ አንባቢ ሆነች። ሰው ወተት ይዞ እየመጣ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ምን አስዋሸኝ!

ያን ጊዜ ነው ልጄ የማለችው። የሐርተሼክ ልጅ አጭቷት ሠርጉ ተቃርቦ ነበር፣ ያ ቢጫ ጨርቅም የእሷ ነው። የእጮኛዋ ዘመዶች ሊጠይቁኝ መጥተው «ልብሱን ለሌላ ሰፊ እንስጠው ወይ?» ሲሉ ልጄ ቆጣ ብላ «ወላሂ እናቴ በእጇ ካልሰፋችው አልለብስም፣ ሌላ ለብሼም አልዳርም! ፎቶው ንጹህ ነው፤ ይመለሳል» አለች። ሰው ሁሉ ማሻአላህ አለ፣ ኤዶም አቅፋ ሳመቻት። እነሆ የልጄ ትዳር ከእጄ ጋር ታሰረ።

እግሬ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ምላሴማ ቸኩሎ ነው የመጣው። እጄ ግን ወፍ የለም። ጣቶቼን እያየሁ «ተነሱ» እላቸዋለሁ፤ የሰው ጣት ይመስል ዝም ይሉኛል። ወራት አለፉ። መጀመሪያ አላህ ይማርሽ ይሉኝ የነበሩት ሰዎች እያደር ምነው አትሞክሪም ማለት ጀመሩ። ፎቶው ንጹህ ከሆነ ጥፋቱ የማን ሊሆን ነው? የእኔ ነዋ! ኤዶ አንድ ቀን ወጥ ቤት ሆና፣ እንድሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «አንጎሏ ደህና ነው፤ የታመመው ወኔዋ ነው። ሥራ ሰልችቷታል» ስትል ሰማሁ። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ስረግጥ የኖርኩትን ሴትዮ ሰነፍ አለችኝ! ፎቶው ቢከፋ ኖሮ ያዝኑልኝ ነበር። ንጹህ ሆኖ ፈረደብኝ።

ልጄ አንድ ቀን ስልኳን ይዛ «ሆዮ፣ አገኘሁት!» እያለች ገባች፤ ሆዮ እማዬ ማለት ነው። ውጭ አገር እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲገጥማቸው ደህናውን እጅ ያስሩታል፣ የታመመው ሲቸግረው ይሠራል አለችኝ። ያነበበችው እውነት ነው። ግን ትንሽም ቢሆን መንቀሳቀስ ለጀመረ እጅ፣ ለተወሰነ ሰዓት፣ ባለሙያ ቆሞ እያየ የሚደረግ ነው፤ ይህን የነገረችን የአዲስ አበባዋ ዶክተር ናት፣ ቆይቶ። ልጄ ግራ እጄን የአባቷን ካልሲ አጥልቃ በሻሿ ከወገቤ ጋር ጠፈረችው። ጠዋት አስራ ትሄዳለች፣ ማታ መጥታ ትፈታለች። በመካከሉ ጠባቂዬ ኤዶ ነበረች።

እኛ ቤት ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፣ በቀኝ እጅ። ሥጋ የተጫነበት ሩዝ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም ዙሪያውን ይከባል። እኔም እከባለሁ። ቀኜ ጭኔ ላይ ተኝቷል፣ ግራዬ ታስሯል። እነሱ ይጎርሳሉ፣ እኔ አያለሁ። ባሌ አንዴ ጠቅልሎ ሊያጎርሰኝ ሲል ኤዶ እጁን ያዘችው፤ «ካጎረስካት መቼም አትነሳም!» ጉርሻውን ራሱ ዋጠው። ከእናቱ ሞት ጀምሮ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ቃሏን ሰብሮ አያውቅም። እኔም «እንግዲያው ግራዬን ፍቱልኝና ልብላ» አልኩ። ኤዶ ፊቷን አጨማደደች፤ «የምትታጠቢበትን እጅ ከእኛ ትሪ ልትከቺ? ቀኙ እየመጣ ሳለ?» አለች። ስትራብ ይነሳ እንደሁ ብለው ተዉኝ። ማታ ልጄ ስትገባ በማንኪያ ታበላኛለች፣ እያበላችኝ ታለቅሳለች፣ ጠዋት ተመልሳ ታስረኛለች።

አንድ ቀን ሻሹን በጥርሴ ፈታሁት። ልጄ መጥታ አየችኝ፤ አልተቆጣችም። እግሬ ሥር ተቀምጣ «ሆዮ፣ አንቺ ተስፋ ከቆረጥሽ እኔ ምን ልሁን?» አለችኝ። ከስታለች። እጮኛዋ መደወል ቀንሷል። አቦ፣ ምን ልበላት? ወገቤን አዞርኩላትና አሰረችኝ።

የሻሂው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከሰዓት ላይ ሴቶች ተሰብስበዋል፤ ኤዶ ፔርሙዙን ይዛ ትቀዳለች። እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ እጄን አየችው፣ ከዚያም የሚጋየውን ሻሂ እጄ ጀርባ ላይ ጠብ አደረገችው። አምልጧት አይደለም፣ አውቃ ነው። ጮህኩ። ጩኸቴ ግቢውን ሞላው፣ እጄ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም። ስትሮኩ የወሰደብኝ መንቀሳቀሱን ብቻ ነው፤ ሙቀቱንም ሕመሙንም እንደ ድሮው ይሰማኛል። ይህን አንድ ሰው አስተዋለ? ማን ሊያስተውል! ኤዶ እልልታዋን ለቀቀችው። «ተሰማት! ሕይወት አለው! የሞተ እጅ ይጮኻል?» ሴቶቹ ተሳሳሙ። ቀዝቃዛ ውሃ ያመጡልኝ ከተሳሳሙ በኋላ ነው።

ልጄ በሁለተኛው ቀን ይሁን በሦስተኛው ትዝ አይለኝም፣ «አዲስ አበባ እንሂድና የተሻለ ፎቶ ይነሳ፤ ሰው ሁሉ አፉን ይዝጋ» አለች። ሄድን። ኤምአርአይ የሚሉት ጉድጓድ ውስጥ ተኝቼ ጆሮዬ እስኪደነቁር ተንኳኳብኝ። ዶክተሯ ጠና ያለች ሴት ናት። ጣቶቼን አንድ በአንድ እንድዘረጋ አዘዘችኝ፤ አንዱም አልታዘዘም። ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችው።

«ይህቺን ያያሉ እናቴ?» አለችኝ። ሰሊጥ የምታክል ነጥብ ናት፣ አንጎሌ መሃል። በዚያች በምታስቅ ነገር? ድፍን ሴትዮ? «ሰፋ ያለ ጉዳት ኖሯቸው እጃቸው የሚመለስ ሰዎች አሉ። ትልቁ ቁም ነገር ስፋቱ ሳይሆን ቦታው ነው። ወደ እጅ የሚወርደው የነርቭ መንገድ ሁሉ እዚህ ጋ ተጠጋግቶ በጠባብ በር ያልፋል፤ የእርስዎ ጉዳት በሩ ላይ ነው ያረፈው። ከበሩ በታች ያለው መንገድም ሟሽሿል፣ እዩት።» እኔ ወዲያው ገባኝ። ካራማራ ላይ መንገድ ሲዘጋ ከሐረር የተጫነው ሁሉ እዚያው ይቀራል እንጂ ጅግጅጋ አይደርስም። ሐረርም ደህና፣ ጅግጅጋም ደህና።

«ይመለሳል አይመለስም? ፊት ለፊት ንገሪኝ» አልኳት። እሷም «ፎቶ ብቻውን ነቢይ አይደለም። ግን ፎቶው እንዲህ ሆኖ፣ በዚህ ሁሉ ወራት አንድ ጣት ካልተነሳ፣ ለስፌት የሚሆን እጅ አይመለስም። ግራዎን ያለማምዱ» አለችኝ። ልጄ የመጀመሪያውን ፊልም ከፖስታው መዥረጥ አድርጋ «ይህስ? ንጹህ ነው ተብለናል!» አለቻት። ዶክተሯ አየችውና «የተነሳው ወዲያው ነው። በዚያ ሰዓት ደም መፍሰሱንና አለመፍሰሱን ለማየት ነው የሚነሳው፤ ሌላው ጉዳት በሲቲ ለመታየት ጊዜ ይፈልጋል። ፎቶው አልዋሸም፣ ያልተጠየቀውን ነው ያስመለሳችሁት» አለች። ልጄ ፊልሙን ከአዲሱ ፊልም ጋር መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተች፣ ጥርሷን ነክሳ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ፖስታውን አቅፋ ተቀመጠች። አዋሽን ካለፍን በኋላ «ዶክተሯ እኮ አንድ ሰው ብቻ ናት» አለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። ልጄ ሞኝ አይደለችም፤ ግን ስለዚያ ፊልም ምላለች።

ከሐርተሼክ ሽማግሌዎች የመጡት ብዙም ሳይቆይ ነው። ሦስት ናቸው፤ የሚናገረው ጢሙን ሂና የቀባው ነው። ሠርጉ ምን ላይ ደረሰ ሊሉ ነው የመጡት። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ ባሌ ከጎናቸው፣ ልጄ በሩ ጥግ፣ ኤዶ ፔርሙዙን ይዛ፣ እኔ እንደታሰርኩ ትራስ ተደግፌ። ወሬው ከሠርጉ ወደ መሐላው፣ ከመሐላው ወደ እጄ፣ ከእጄ ወደ ፎቶዎቹ ዞረ። ሁለቱም ፊልም መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። ሽማግሌዎቹ መነጽራቸውን አደረጉ። አንጎሌ ችሎት ቀረበ ማለት ነው።

ባለሂናው ጢሙን ዳበሰና «ጠብ ሲነሳ ሁለት ምስክር ይመጣል እንበል» አለ። «አንዱ ጠቡ በተነሳበት ሰዓት እዚያው የነበረ ነው። ሌላው ወራት ቆይቶ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ነው። የማንን ቃል እንይዛለን?»

«የነበረውን!» አሉ ሁለቱ። ባሌም ራሱን ነቀነቀ። በሰው ጠብ ቢሆን እኔም ራሴን እነቀንቅ ነበር። በዚሁ ዳኝነት ስንት ደም አድርቀዋል።

«እንግዲህ ይህ የጅግጅጋው ፎቶ መከራው በደረሰበት ሰዓት ነበር። ያኛው ጅብ ከሄደ በኋላ የጮኸ ውሻ ነው። እጁ ደህና ነው።» በሶማሊኛ ነው የተናገረው፤ አባባሉን ወደ እኛ አማርኛ ያመጣሁት እኔ ነኝ።

«አባቴ፣ ምስክርህ እኮ ጠቡ ሳይጀመር ነው የሄደው!» አልኩት። «ዶክተሯ ነግራኛለች፤ ጉዳቱ በዚያ ሰዓት አይታይም!»

በርኅራኄ አየኝ። «የታመመ ሰው ተስፋ ይቆርጣል» አለ። «ተስፋ የቆረጠ ሰው በራሱ ላይ አይመሰክርም።» ኤዶ ጨመረችበት፤ «ሻሂ ሲነካት አገር ይያዝልኝ ብላ ጮኻለች፤ እነ እገሌ ቢጠየቁ ይመሰክራሉ። የሞተ እጅ ይጮኻል?» ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሦስተኛ ምስክር ተገኘ፤ እሱም የገዛ ጩኸቴ።

ፍርዱ ተሰጠ። እጁ በሕይወት አለ፤ ማሰሪያው ይጥበቅ፤ መሐላው እንደጸና ነው፤ ሠርጉ እጁ እስኪመለስ ይቆያል። ከዚያ ባለሂናው ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጃችን ግን ወጣት ነው። ዕድሜ ልኩን አይጠብቅም፤ ሌላም ቤት አለ» አለ። ልጄን አየኋት። ሻሿን አፏ ውስጥ ከታ ነክሳዋለች። መሐላዋን ራሷ ማፍረስ አትችልም፣ እኔን ደግሞ የሚያምነኝ የለም። ያቺ ልጅ የማይመለስ እጅ ስትጠብቅ እዚያ በር ጥግ ልታረጅ ነው።

ደሜ ፈላ። «ኤዶ» አልኩ፣ «ሻሂው በእጅሽ አይደል? እስቲ ድገሚው።»

«ምኑን?»

«ያን ቀን ያደረግሽውን። እጁ አለ ትሉ የለ? ያን ጊዜ የጮህኩት እጄ ተሰምቶት አይደለም፣ ጭኔ ላይ ፈስሶ ነው። አሁን እጄን ብቻ አፍሺበት። ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው ይዩ። ከተነቃነቀ ወይ ከጮህኩ እሰሩኝ፤ አንገቴንም እሰሩት።»

ኤዶ ባለሂናውን አየች። እሱም ፈተና ይወድ ኖሮ ራሱን ነቀነቀ። ባሌ ቀኝ እጄን አንስቶ ትሪ ላይ አስቀመጠው። ኤዶ ክዳኑን ፈታች።

ፈሰሰ። ያን ሁሉ የሚለፈልፍ ምላሴን በጥርሴ ያዝኩት። ልጄን ብቻ አየሁ፤ ሌላ ቦታ ባይ ኖሮ አልችለውም ነበር። ደም አፌ ውስጥ ተሰማኝ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ እጄም እንደ ልማዱ ንቅንቅ አላለም። እንፋሎቱ ከትሪው ላይ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው እጄን አዩት።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ ባለሂናው፤ ሰው ሲሞት የሚባለውን። ሁለቱም ተከተሉት። «እጁ ሞቷል። የሞተ ነገር ላይ መሐላ አይጸናም፤ ልጅቱ ድሆች ታብላና ከመሐላዋ ትፈታ። ሙሽራዋ የተገኘውን ትልበስ፤ ይቺም ሴትዮ በግራዋ ትብላ፣ አላህ ለተቸገረ መንገድ አለው።» ባሌ ግራ እጄን ፈታልኝ። ካልሲው ውስጥ ላብ አልቦት ነጥቶ ነበር።

ልጄ ውሃ ልታመጣ ብድግ አለች። ኤዶ ቀሚሷን ጎትታ አስቀመጠቻት። «ተይ ልጄ፣ ውሃው ለማን ነው? አይሰማትም።» ልጄ እኔን አየችኝ። ፈገግ አልኩላት። ተቀመጠች።

ከዚያው ፔርሙዝ ሻሂ ተቀዳ። የሠርጉ ቀን ተነጋገሩ፣ ቢጫውን ጨርቅ ለየትኛው ሰፊ ይስጡት ተባባሉ፣ ስለ ግመል ዋጋም ትንሽ ተጨዋወቱ። ሰው ቸኩሎ አልተነሳም። እጄ ጭኔ ላይ እየተላጠ ተቀምጬ ሰማኋቸው። ዱዓ ሲደረግ እነሱ ሁለት ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ፣ እኔም ያቺኑ ግራዬን ዘርግቼ አሚን አልኩ።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፊቷ ላይ ቀለም ተመልሷል። የተቃጠለውን እጄን አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችውና ቆዳውን በጣቷ ዳበሰችው።

«ሆዮ፣ ምንም አልተሰማሽም አይደል?» አለችኝ።

«ምኑ?» አልኳት።